ለማን ስንት ጠብታ?

በድሬዳዋ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ትንኙም ትኩሳቱም አብረው ይበዛሉ። ከተማዋ ይህን ወቅት በደንብ ታውቀዋለች። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ተመዝግቦ የማያውቀው የደንጊ ወረርሽኝ የታየው እዚሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣና የከዚራ ሰፈር የመጋላ ሰፈር ሳይል የሰውን መገጣጠሚያ አስሮ አልጋ ላይ አዋለው። እንዲህ ባለ ጊዜ የጤና ጣቢያ አልጋ አይበቃም። አግዳሚ ወንበሩ አልጋ ይሆናል፤ የፈሳሹ ከረጢት መስቀያ ካጣም ከመስኮት ፍርግርግ ላይ ይታሰራል።

ሁለት ሕሙማን ጎን ለጎን ተኝተዋል እንበል። አንደኛው እስከ ሰሞኑ ባጃጅ ሲነዳ የነበረ የ20 ዓመት ወጣት ነው። ሦስት ቀን አተኩሶታል፣ አስመልሶታል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ሁለተኛዋም ዕድሜዋ ከእሱ ብዙ አይርቅም፤ እሷንም አተኩሷታል፣ የእሷም ከንፈር ደርቋል። ልዩነታቸው የሚታየው ሻርፗን ገለጥ ስታደርግ ነው፤ ከአንገቷ ግርጌ እስከ ደረቷ ማለቂያ ቀጥ ብሎ የወረደ ጠባሳ አላት። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄዳ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላታል። አስታማሚዎቻቸው ግን የሚሉት አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ እባክሽ ግሉኮስ ስቀዪልን፤ አቅም አጥቷል እኮ!» «እሷም አቅም የላትም!»

ለወጣቱ ያ ከረጢት በሰዓቱ ከደረሰ ነፍስ ያድናል። ለወጣቷም ሊያስፈልጋት ይችላል፤ ነገር ግን መጠኑ ጥቂት ካለፈ ሳንባዋ ውኃ ይቋጥርና አጠገቧ ያለው ሰው በዳነበት ፈሳሽ እሷ ትታፈናለች። ሐኪሞች ፈሳሽ እንደ ማንኛውም መድኃኒት መጠንና ሰዓት፣ የሚከለከልበትም ሰው እንዳለው ይናገራሉ። ይህ ነገር የትም ቦታ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ቀናት ጎልቶ እንደሚታየው አይታይም። በድሬዳዋ ግን ጉዳዩ እዚያ አያበቃም። ከአዲስ አበባ ታክሞ የተመለሰው ሰው የሚመለሰው ወደ ሙቀቱ፣ ወደ ትንኙና ወደ ግሉኮሱ ነው።

መጀመሪያ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ እንይ። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው የድሬ ሰው ጉዞው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ በአውቶቡስም በባቡርም ቢሄድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከቆላ ወደ ደጋ። ብዙውን ጊዜ ለዚህ የሚዳርገው በሽታ መነሻው የጉሮሮ ቁስለት ነው። በሕፃንነት፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት፣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ያቆስላል። በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያዘጋጀው ኃይል በራሱ በልቡ ላይ ይዞርና ቫልቮቹን ያቆስላቸዋል። በጊዜ ከተደረሰበት በየወሩ ገደማ የሚወጋ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ጉዳቱ እንዳይብስ ይከላከላል። መርፌው ያማል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ የሚያቋርጠው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። የተጎዳው ቫልቭ ወይ ይጠብባል ወይ መዝጋት ያቅተዋል፤ ደም ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ልጁም ደረጃ መውጣት ያቅተዋል።

በኢትዮጵያ ይህን ችግር ከማንም በፊት ጮክ ብለው ከተናገሩት አንዱ የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶ/ር በላይ አበጋዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን ድርጅት አቋቋሙ። ለረጅም ጊዜ ሥራው ሕፃናትን ወደ ውጭ አገር እየላኩ ማሳከም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ላይ ከውጭ እየመጡ ለጥቂት ቀናት በሚያክሙ ቡድኖች፣ በኋላም ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች በራሳቸው እየመሩት ሥራው ቀጠለ። ወደ ውጭ ከተላኩት ብዙዎቹ የታከሙት በእስራኤል ነው። በሆሎን ከተማ ያለውን የሕፃናት ልብ ማዳኛ ድርጅት አሚ ኮኸን የተባሉት ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1995 ሲመሠርቱ መነሻ የሆናቸው አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለሁለት ሕፃናት ያቀረበላቸው ልመና ነበር። ተራ የሚጠብቁት ሕሙማን ዛሬም በሺዎች ይቆጠራሉ።

መሣሪያው የሚጨምረው ውኃ

ቫልቭ ለመቀየር ልብ መቆም አለበት፤ ልብ ሲቆም ደግሞ ሌላ ነገር ደሙን ማዞር አለበት። የልብና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራው መሣሪያ መጀመሪያ የተሳካለት እ.ኤ.አ. ግንቦት 1953 ፊላደልፊያ ውስጥ፣ በጆን ጊቦን እጅ ነው። መሣሪያው ባዶውን አይሠራም። ቱቦዎቹ አየር እንዳይኖራቸው አስቀድሞ በፈሳሽ ይሞላሉ፤ ለአዋቂ አንድ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይገባል። የሕመምተኛው ደም ከዚህ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀልና ይቀጥናል። ማለትም ታካሚው ገና ከቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው ሳይነሳ፣ ማንም ክንዱ ላይ ግሉኮስ ሳይሰቅልለት፣ ከመጠን ያለፈ ውኃ ጠጥቷል ማለት ይቻላል።

በዚያ ላይ ደም ከፕላስቲክ ጋር ሲነካካ ይቆጣል። ከሰው ሰውነት ውጭ በቱቦ ውስጥ ለሰዓታት የዞረ ደም ሰውነትን በሙሉ እንደ ቁስል ያስቆጣዋል። የቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳም ይሳሳና ውኃው ወደ ሥጋ ይሰርጋል። ፊት ያብጣል፣ የዓይን ሽፋን ይከብዳል፣ ክብደት በአንድ ቀን በኪሎዎች ይጨምራል። የሚገርመው በዚያው ሰዓት በደም ሥሮቹ ውስጥ ያለው ደም ሊያንስ መቻሉ ነው። ሰውየው ውኃ በዝቶበትም ጎድሎበትም ነው፤ የበዛው ሥጋው ውስጥ፣ የጎደለው ደም ሥሩ ውስጥ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለገባ ወጣት ሐኪም ይህን መቀበል ቀላል አይደለም። ያበጠ ሰው ፊቱ ተኝቶ ሳለ ፈሳሽ ጨምሩ ይባላል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሌላም ነገር አለ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሆን ተብሎ የቀዘቀዘው ሰውነት ቀስ እያለ ይሞቃል። ሲሞቅ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቀድሞ የበቃቸው ደም አሁን አይሞላቸውም፤ ግፊቱ ይወርዳል። ነርሷ ያኔ ብዙ ነገር በአንድ ዓይን ማየት አለባት። ከደረት በወጡት ቱቦዎች የሚወርደው ደም ስንት ነው? በሰዓት 200 ሚሊ ሊትር ካለፈ ቀዶ ሐኪሙ ይጠራል። ሽንት በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት ግማሽ ሚሊ ሊትር ይደርሳል? ለ60 ኪሎ ሰው 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ አንድ ሲኒ ቡና እንኳ አይሞላም። እግሩ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል? ግፊቱ የወረደው ደም ጎድሎ ነው፣ ልቡ ደክሞ ነው፣ ወይስ በልቡ ዙሪያ ደም ተጠራቅሞ አላላውስ ብሎት ነው? ለመጀመሪያው መልሱ ፈሳሽ ነው። ለሁለተኛው ፈሳሽ መስጠት ማባባስ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ፈሳሽ ለጥቂት ደቂቃ ቢያቆየውም ደረቱን መልሶ መክፈት ይጠይቃል።

ስለዚህ ጥንቁቁ ሐኪም አንድ ሊትር አያዝም። 250 ሚሊ ሊትር ያህል በአጭር ጊዜ ይሰጥና ቆሞ ያያል። ልብ ከመለሰ ይቀጥላል፤ ካልመለሰ ያቆማል። ከዚያም በፊት ምንም ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ አለ፦ የታካሚውን ሁለት እግሮች ወደ ላይ ማንሳት። በእግሩ ውስጥ ያለው ደም፣ ወደ 300 ሚሊ ሊትር የሚገመተው፣ ወደ ልብ ይወርዳል። የልቡ ሥራ ከተሻሻለ ፈሳሽ ይጠቅመዋል ማለት ነው፤ ካልተሻሻለም እግሩን መልሶ ማውረድ ብቻ ነው። የተሰጠ ፈሳሽን ግን እንዲህ በቅጽበት መልሶ ማውጣት አይቻልም። ብዙ ውድ መሣሪያ በሌለበት አገር ይህን ዘዴ ለምን ከዚህ በላይ እንደማናወራለት አይገባኝም።

ሕፃናት ላይ ቁጥሩ ይጠብባል። በተለመደው ስሌት 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን 1,500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ብዙ ማዕከላት በመጀመሪያው ቀን ወደ ግማሽ ያወርዱታል። ያኔ መድኃኒት የተበረዘበት፣ ካኑላው እንዳይዘጋ የተገፋበት ፈሳሽ ሁሉ ይመዘገባል። አምስት ሚሊ ሊትር አሥር ጊዜ ከተገፋ 50 ነው፤ ለአሥር ኪሎ ሕፃን ይህ ዋዛ አይደለም።

ደቻቱ

ድሬዎች የደቻቱን ወንዝ ነገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። አሸዋው ደርቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰው በወንዙ ሆድ ውስጥ እየተሻገረ ሳለ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ዝናቡ የዘነበበት ቦታና ጎርፉ የደረሰበት ቦታ ይለያያሉ፤ ሰዓቱም እንዲሁ።

ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ሥጋ የሰረገው ውኃም እንዲሁ ይመለሳል። ቁጣው በረድ ሲል፣ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ የደም ሥሮቹ ግድግዳ ይጠገናል፤ ተበትኖ የቆየው ፈሳሽም ማንም ሳይሰጠው ወደ ደም ይጎርፋል። ያን ቀን ታካሚው ላይ አዲስ ከረጢት የተሰቀለ ከሆነ ሁለት ጎርፍ ገጠመ ማለት ነው። ጤናማ ልብና ጤናማ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጡታል። ለዓመታት በጠበበ ቫልቭ የኖረ ሰው ግን የሳንባው የደም ሥር ግፊት ከፍ ያለ፣ የቀኝ ልቡ የደከመ ነው። ቫልቩ ያፈስ የነበረም ቢሆን የግራ ልቡ አዲሱን ቫልቭ ገና እየለመደው ነው፤ ቀድሞ ግማሹን ወደ ኋላ ይለቀው የነበረውን ደም አሁን ሁሉንም ወደ ፊት መግፋት አለበት። በእነዚህ ቀናት ሥራው ከመስጠት ወደ ማውጣት ይዞራል። ሽንት የሚያበዛው ላሲክስ ይጀመራል፣ ክብደት በየጠዋቱ ይመዘናል፤ ግቡም ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወደነበረው ኪሎ መመለሱ ነው።

ላሲክስ ውኃውን ሲያወጣ ፖታሲየምንም ይዞ ይወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ልብ ምቱን ሊስት ስለሚችል ብዙ ሆስፒታሎች ለዓመታት መጠኑ ከ4.5 በታች በወረደ ቁጥር ሲጨምሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝና በጀርመን 1,690 የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ከ3.6 በታች እስኪወርድ መጠበቅ የልብ ምት መዛባትን እንደማያበዛ አሳየ። ብልቃጥ ተቆጥሮ በሚወጣበት ሆስፒታል ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ባይሰጥ የሚያጸጽት መስሎ የነበረው ብዙው ነገር አላስፈላጊ ነበር ማለት ነውና።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው

በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሦስቱ ከረጢቶች ጎን ለጎን ናቸው፦ ኖርማል ሳላይን፣ ሪንገር ላክቴት፣ አምስት በመቶ ዴክስትሮስ። ለሕዝቡ ሁሉም ግሉኮስ ነው፤ ለልብ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አምስት በመቶ ዴክስትሮስ በሊትር 50 ግራም ስኳር አለው። ከዚህ የሚገኘው ጉልበት 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም፤ «አቅም ይሰጣል» የሚባለው አቅም ይኸው ነው፤ በአንድ ሰሐን ፉል በቀላሉ ይበለጣል። ስኳሩ ሲቃጠል የሚቀረው ባዶ ውኃ ነው፤ እሱም በደም ሥር ውስጥ አይቆይም፣ ወደ ሰውነት ሕዋሳት ገብቶ ይበተናል። ግፊት ለወረደበት ሰው ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሶዲየሙ ለቀነሰበት የልብ ታካሚ ደግሞ ጉዳት አለው።

ኖርማል ሳላይን በሊትር ዘጠኝ ግራም ጨው ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከአምስት ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። አንድ ሊትር ሳላይን ስለዚህ የሁለት ቀን ጨው ያህል ነው፤ በአፍ ሳይቀመስ፣ «ጨው በዛ» የሚል ሳይኖር በአንድ ከሰዓት የሚገባ። ወጥ ውስጥ ጨው እንዳትነካ የተባለች የልብ ታካሚ ያንን ስትወስድ ቤተሰቡ መልካም ያደረገላት ይመስለዋል። የክሎራይዱ መጠንም በደም ውስጥ ካለው ወደ 100 ከሚጠጋው መጠን በላይ፣ 154 ነው፤ ሲበዛ ደምን ያኮመጥጣል።

ሪንገር ታሪኩ ራሱ ከልብ ይጀምራል። ሲድኒ ሪንገር በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሐኪምና ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ የእንቁራሪት ልብ አውጥተው ጨው በተበረዘበት ውኃ ውስጥ እያስቀመጡ ምን ያህል ጊዜ እንደሚመታ ያጠኑ ነበር። በመጀመሪያ ልቡ ለረጅም ጊዜ መታ፤ ሪንገርም ጨዋማ ውኃ ይበቃል ብለው ጻፉ። በኋላ ሲደግሙት ልቡ ቶሎ ቆመ። ሲመረመር ረዳታቸው መጀመሪያ የተጠቀመው የተጣራ ውኃ ሳይሆን የለንደን የቧንቧ ውኃ ኖሯል፤ በቧንቧው ውኃ ውስጥ ካልሲየም ነበረበት። ልብን ያስመታው ካልሲየሙ ነው። ሪንገር በ1883 የቀድሞ ጽሑፋቸውን አረሙ። ድሬዳዋ ውስጥ ማሰሮና ጀበና ግርጌ የሚጋገረውን ነጭ የውኃ ቅርፊት ለሚያውቅ ሰው፣ ጠንካራ ውኃ ለሳይንስ ውለታ መዋሉ ደስ ሳይለው አይቀርም። በ1930ዎቹ አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም አሌክሲስ ሃርትማን ላክቴት ጨመረበት፤ ዛሬ በከረጢት የምናየው ያ ነው። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ክሎራይዱ ወደ ደማችን ይጠጋሉ፤ ለልብ ታካሚም ብዙ ሐኪሞች ከሳላይን ይልቅ እሱን ይመርጣሉ። እሱም ቢሆን ከገባው ውስጥ ቆይቶ በደም ሥር የሚቀረው ሩብ ያህሉ ነው፤ ሌላው ወደ ሥጋ ይሄዳል።

ታዲያ በደም ሥር ውስጥ የሚቆይ ፈሳሽ ቢገኝስ? የብዙ ዓመታት ምኞት ነበር። ከስታርች የተሠራው ፈሳሽ በልብ ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሁሉ ተወዳጅ ሆኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በጽኑ ሕሙማን ላይ የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ኩላሊት እንደሚጎዳ አሳዩ፤ አውሮፓም በ2022 ከገበያ አገደችው። ከሰው ደም የሚጣራው አልቡሚን ቀረ። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ1,386 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ ከሪንገር ጋር ተወዳድሮ ውጤቱ በዚያው በ2022 ወጣ። ከባድ ችግሮችን አልቀነሰም፤ ደም መፍሰስ እንዲያውም በአልቡሚን በኩል በዛ። ሀብታም አገር በውድ ዋጋ ያረጋገጠው ነገር እዚህ መደርደሪያ ላይ ያለው ርካሹ ከረጢት እንደማያንስ ነው።

የመጠኑ ነገር ግን ከዓይነቱ ይበልጣል። ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት የተጀመረው በኮሌራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ስኮትላንድ፣ ሊዝ ውስጥ ሐኪሙ ቶማስ ላታ ልትሞት ለተቃረበች አሮጊት ስድስት ፓይንት፣ ከሦስት ሊትር በላይ ጨዋማ ውኃ በግማሽ ሰዓት ሰጣት። ዓይኗ በራ፣ እጇ ሞቀ፣ ተናገረች። ላታ ሌሎችን ሊያይ ሄደ። ተቅማጡ ተመለሰባት፤ የሚደግምላት አልነበረምና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሞተች። ለኮሌራ ሕመምተኛ ያ ሁሉ ፈሳሽ ትክክል ነበር፤ ስህተቱ ትቶ መሄዱ ነበር።

ለሌላ ዓይነት ሕመምተኛ ግን ተቃራኒው ታየ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በከባድ ትኩሳት የታመሙና የደም ዝውውራቸው የደከመ 3,141 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ የሕክምናውን ዓለም አስደነገጠ። በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ ከተሰጣቸው ውስጥ በሁለት ቀን 10.5 ከመቶ ያህሉ ሞቱ፤ ቀስ ብሎ ከተሰጣቸው 7.3 ከመቶ። ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት በጥናቱ አልነበሩም፤ ለእነሱ ፈሳሽ ዛሬም ሕይወት ነው። የደኸዩ ሆስፒታሎች ፈሳሽ በማነሱ እንደሚገድሉ ሲታመን ኖሮ፣ መብዛቱም እንደሚገድል የተረጋገጠው እዚሁ ጎረቤታችን ነው።

ወደ ቆላ መመለስ

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ላይ። የላሲክስ መጠን የሚወሰነው በብርዱ ነው፣ የሚዋጠው በሙቀቱ። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ላብ ከላሲክስ ጋር ተጨምሮ ውኃውንም ጨዉንም ይወስዳል። በደጋው ልክ የነበረው ክኒን በቆላው ሊያዞር፣ ሊያደክም፣ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ተቃራኒውም አለ። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጫቱ የልብ ምቱንና ግፊቱን ከፍ ያደርግበታል፤ ምርቃናው አፉን ሲያደርቀው ውኃውን፣ ሻዩን፣ ለስላሳውን እያፈራረቀ ይጠጣል። ማታ ሾርባ ይጨመራል። በፈሳሽ የተገደበ ሰው ገደቡን ሳያውቀው ያልፋል፤ ሌሊት ትራስ ደርቦ ይተኛል፣ ጠዋት ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ይነሳል። ሐኪሙ መጠኑን ለማስተካከል ይህን ሁሉ መስማት አለበት። የሚጠይቅ ሐኪም ግን ጥቂት ነው፤ «ጫት ትቅማለህ?» ብሎ ፊቱን ከማጥቆር ይልቅ «በርጫ ላይ ስንት ላስቲክ ውኃ ትጠጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደዚያች ወጣት እንመለስ። ደንጊ ነው እንበል። ደንጊ በሰው ደም ሥር ላይ የሚያደርገው ነገር የልብና ሳንባ መሣሪያው ከሚያደርገው ጋር በሚገርም ሁኔታ ይገጥማል። ትኩሳቱ ሊለቅ ሲል የደም ሥር ግድግዳ ይሳሳል፣ ውኃው ይሰርጋል፤ ይህ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የሰረገው ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለዚህ ነው ፈሳሹን በሰዓት ለኪሎ ከአምስት እስከ ሰባት ሚሊ ሊትር ጀምሮ በየሰዓቱ እየተመረመረ እንዲቀነስ የሚያዘው፤ ሲመለስ ደግሞ እንዲቆም። በድሬዳዋ ደንጊን ያከመች ነርስ ስለዚህ የልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍልን ደጃፍ ረግጣ ባታውቅ እንኳ ዋናውን ነገር ታውቀዋለች፦ መቼ መስጠት፣ መቼ ማቆም። እሷ ያላት ዕውቀት በዚህ ሁኔታ በደጋው ካለ ስፔሻሊስት ዕውቀት አያንስም፤ አይነገርላትም እንጂ።

በወጣቷ ላይ የሚጨመሩት ሌሎች አደጋዎች ግን ከፈሳሹ ይብሳሉ። እንደ እሷ ብረታማ ቫልቭ ያለው ሰው ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። ደንጊ ደግሞ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ያወርዳል። ሁለቱ ሲገጥሙ ከድድ፣ ከአፍንጫ፣ ከሆድ ዕቃ ሊደማ ይችላል። ዋርፋሪኑን ማቆም ቫልቩን ሊያስደፍን፣ መቀጠል ሊያደማ ነው። ይህ ውሳኔ የጤና ጣቢያ አይደለም፤ የደም ምርመራውን ይዞ በስልክም ቢሆን ከልብ ሐኪም ጋር የሚወሰን ነው። ለቁርጥማቱ ተብሎ የሚወጋው የዳይክሎፌናክ መርፌማ ለእሷ ፈጽሞ አይሆንም።

ካኑላውም ራሱ በር ነው። በአግባቡ ሳይጸዳ በገባ መርፌ በኩል ባክቴሪያ ደም ውስጥ ይገባና ሰው ሠራሽ ቫልቩ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ሲያተኩሰው ሁሌም ትንኝ ነው ማለት አይቻልም፤ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደሙ ለባክቴሪያ ምርመራ መወሰድ አለበት። ለድካም ብቻ ተብሎ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የሚሰቀል ግሉኮስ በአንድ ጊዜ ሁለት አደጋ ነው፤ ጨዉና ውኃው አንድ፣ መርፌው ሌላ። መዋጥ የሚችል ሰው አፉ ምርጡ መንገድ ነው። ለተቅማጥም ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ፣ ኦአርኤሱ፣ በማንኪያ በማንኪያ፣ እየተለካ ይሰጠዋል።

ግድ ሆኖ በደም ሥር ሲሰጥስ? መቆጣጠሪያ ፓምፕ ከሌለ ዓይንና የእጅ ሰዓት አለ። በተለመደው ቱቦ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ሊትር በስምንት ሰዓት እንዲገባ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ መውረድ አለበት፤ ለልብ ታካሚ በሰዓት 40 ሚሊ ሊትር ከታዘዘ 13 ብቻ። ጠብታው በመካከል ሲቀዘቅዝ አስታማሚ መቆጣጠሪያዋን ገፋ አድርጎ ይለቀዋል፤ አዛኝ ነው፣ «ቶሎ ያልቅላት» ይላል። ነርሷ ከሩቁ ስትመለስ ሙሉው ከረጢት ባዶ ነው። ከዚህ የሚያድነው ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ የሰዓቱን መስመር ማስመርና ለእናትየዋ በምትሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በአማርኛም፣ «እማማ፣ እዚህ መስመር ጋ ከስድስት ሰዓት በፊት ከደረሰ ይጥሩኝ» ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ በፌስታል ተጠቅልሎ የሚመጣው የመውጫ ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ አጫጭር ፊደላት የተሞላ ነው። የቫልቩ ዓይነት፣ የመጨረሻው የዋርፋሪን ምርመራ ውጤት፣ የቤንዛታይኑ ቀጠሮ፣ የላሲክሱ መጠንና በወጣበት ቀን የነበረው ኪሎ በአማርኛ ጭምር ከላይ ቢጻፉ ምንም ወጪ የለውም። ከሁሉም የማይናቀው ኪሎው ነው። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ የጨመረ የልብ ታካሚ አልወፈረም፤ ውኃ ቋጥሯል፣ እብጠቱ ሳይታይ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። መመዘኛ ቤቱ የሌለው ሰው መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ ይሂድ፤ ግን ሁሌም ወደ አንዱ ሚዛን፣ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ ጫማውን አውልቆ። ልጁ ሚዛኑን ይዞ የሚመጣው ረፋድ ላይ ከሆነ ቁርሱ ትንሽ ይቆይ።